“ሳቦ ነህ ጎና?” ከናዝሬት እስከ ሞያሌ ያስኬደ ጥያቄ

ለዚህ አምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ “ትወደኛለች አትወደኝም?”፣ “ባሌ ያመሻል”፣ “አማቴ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችኝ” የሚሉ ናቸው። ለእነዚህ መልስ አይጠፋም። አንዳንዱ ደብዳቤ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚመልሱት አይሆንም። ከአዳማ የደረሰን የአንድ ወጣት ደብዳቤ እንዲህ ያለ ነበር። ስሙንና ሰፈሩን ትተን ፍሬ ነገሩን እነሆ፦

“ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። እኔ ናዝሬት ተወልጄ ያደግሁ የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። የምተዳደረው በጋራዥ ሥራ ነው። እናቴ የምንጃር ሰው ናት። አባቴ የሞተው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። በሕይወት ሳለ ‘እኔ ካረዩ ነኝ’ ይል ስለነበር እናቴም ሰፈርተኛውም የመተሐራ ሰው ነው ብለው ኖረዋል። እኔም እንደዚያው። ሁለት ዓመት ያፈቀርኳት ልጅ አለችኝ። የቦረና ልጅ ናት። የተወለደችው በኬንያው ሞያሌ ሲሆን፣ ከአክስቷ ዘንድ እየኖረች በኛው ሞያሌ ተማረች። ከዚያ ለዩኒቨርሲቲ ወደ አዳማ መጣች። ቤተሰቧ ‘የመተሐራ ካረዩ ከሆነ ኦሮሞ ነው፣ ቦረና ግን አይደለም፤ ይሁን’ ብለው ፈቅደው ነበር። እናቴ በደስታ ሳጥን ስትፈታ የአባቴን የወጣትነት ፎቶ አገኘች። ከጀርባው ‘ሞያሌ’ የሚል ማኅተም አለበት። ሽማግሌ ሲመጣ ‘የኔም ባል ለካስ ያገራችሁ ሰው ነው!’ ብላ አሳየቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጅቷ አባት አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ ‘ልጁ ሳቦ ነው ጎና?’ እኔ ደግሞ አላውቅም። ምን ላድርግ?”

እኔም በችኮላ “ሂድና እወቅ! ሥሩን የማያውቅ ዛፍ አይጸናም” ብዬ መለስኩለት። ምክር መስጠት ቀላል ነው! ልጁ ደውሎ “እንግዲያውስ ጋሼ፣ አብረን እንሂድ” አለኝ። አፌን ይዞኝ እሺ አልኩ።

ሁለት ስም ያላት ከተማ

ጉዟችን የተጀመረው ከአዳማ መናኸሪያ ነው። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ይህች ከተማ ራሷ ሁለት ስም ይዛ የምትኖር ናት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በመጽሐፍ ቅዱሷ ከተማ ስም ናዝሬት አሏት። የጥንቱ ስሟ አዳማ የተመለሰላት የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ወደዚያ በተዛወረበት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው። መቀመጫው በ1997 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ቢመለስም ስሙ ጸንቷል። ሽማግሌዎቹ አዳማ የሚለው ስም “ሀዳሚ” ከሚባለው ቁልቋል መጣ ይላሉ። እዚያ ያደገ ሰው ግን ዛሬም ድረስ በአንድ አፉ “ናዝሬት ነው ያደግሁት” ይልና በሌላው “አዳማ ነኝ” ይላል። ማንም አይገረምም።

ከተማዋ የመንገድ ልጅ ናት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በመሃሏ አለፈ። የፈጣን መንገዱም መድረሻ እሷው ጋ ነው። ሐረርጌ የሚሄደው፣ አርሲ የሚወጣው፣ ባሌ የሚሻገረው ሁሉ አዳማን ሳይረግጥ አያልፍም። ለስኳር አገዳ ሥራ ወደ ወንጂ የመጣው ከንባታና ሀዲያም፣ ለንግድ የመጣው ጉራጌም፣ የምንጃሩም ሰው ልጅ ወልዶ የከበደው እዚሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በአዳማና በሞጆ ዙሪያ ባሉት የከብት ማድለቢያዎች የሚደልበው፣ ወደ ውጭ አገር የሚላከው ኮርማ አብዛኛው የቦረና ከብት ነው። ከደቡብ በጭነት መኪና ተጭኖ ይመጣል። ከብቱ ሲመጣ ጠባቂ አብሮ ይመጣል። ከሚመጡት መሃል ደግሞ የሚቀር አይጠፋም። የባለታሪካችን አባት እንዲህ ከቀሩት አንዱ ሳይሆን አይቀርም። እናቱ “ከብት ይዞ ነው የመጣው፤ ለሁለት ቀን ብሎ ሃያ ዓመት ተቀመጠ” ብላ ስትነግረኝ ፈገግ አለች። ከዚያ ቀጥላ “አገሩ ወሬ አያበዛም ነበር። ጠይቄው ቢሆን ይነግረኝ ነበር፤ ግን ማን ይጠይቃል? እንጀራ ስንጋግር ልጅ ስናሳድግ መሸ!” አለች።

አዳማ ደግሞ በድንበር የተከፈለ ቤተሰብ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጊዜ ኤርትራዊ ዝርያ አላቸው የተባሉ ሰዎች ከብዙ ከተሞች ሲባረሩ፣ ባል ወዲያ ሚስት ወዲህ የቀሩበት ሰፈር አለ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የስልክ መስመሩ ሲከፈት ሰው የማያውቀውን ቁጥር እየደወለ ያለቀሰው ለዚህ ነበር። የባለታሪካችን ጎረቤት የሆኑ አንዲት እናት ሲሸኙን “ልጄ፣ ከተገኙልህ ዝም ብለህ እቀፋቸው። ሌላው በኋላ ይደርሳል” አሉት።

ሐይቅ ለሐይቅ

ሞጆ ላይ ወደ ግራ ታጠፍን። ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ባቱ (የድሮዋ ዝዋይ)፣ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ... በስምጥ ሸለቆ የተደረደሩት ከተሞች እንደ መቁጠሪያ አንድ ባንድ ያልፋሉ። መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት በሳጥን ተከምሯል። ባቱ ስንደርስ የአበባ እርሻው ላስቲክ ከሩቅ ሌላ ሐይቅ መስሎ ያብለጨልጫል። ለምሳ ወርደን የሐይቁን ዓሣ በላን። ምግቡን እየነካካ የተወው ባለታሪካችን ነበር።

“ጋሼ፣ ሳቦና ጎና ማለት ግን ምንድነው?” አለኝ።

ከመነሳቴ በፊት ያጠናሁትን ነገርኩት። ቦረና ከጥንት ጀምሮ በሁለት ታላላቅ ወገን የተከፈለ ነው፤ ሳቦና ጎና። ሳቦ ከጎና ያገባል፤ ጎና ከሳቦ። ሳቦ ከሳቦ፣ ጎና ከጎና አይጋቡም። ምንም ያህል ሩቅ ይሁኑ እህትና ወንድም ናቸው። ማንኛውም ቦረና ሲወለድ የአባቱን ወገን ይዞ ይወለዳል። ባለታሪካችን ትንሽ አሰበና “እንግዲያው ሃምሳ በመቶ ዕድል አለኝ” አለ። ሳንቲም ወርውሮ እንደሚጠብቅ ሰው!

በየኬላው “መታወቂያ!” ይባላል። እሱ ያወጣው የቀበሌ መታወቂያ ላይ “ብሔር፦ ኦሮሞ” ይላል። አዲሱ የፋይዳ መታወቂያ ደግሞ ስለ ብሔር ጭራሽ አይጠይቅም። ተቆጣጣሪው አየት አድርጎ ይመልሳል። ልጁ “እዩት እንግዲህ፤ ይህ ሁሉ ወረቀት የልጅቷን አባት አንዲት ጥያቄ አይመልስም” አለኝ።

ሻሸመኔ አደርን። እሷም ብትሆን የማንነት ጥያቄ እንግዳዋ አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ላይ ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶች መጥተው የሰፈሩት ራስ ተፈሪያውያን እዚያ ወልደው ከብደዋል። ልጆቻቸው አማርኛና ኦሮምኛ እየተናገሩ አድገው የየትኛውም አገር ወረቀት ሳይኖራቸው ብዙ ዘመን ቆዩ። መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያስታወቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። አገሬ ብሎ የመጣ ሰው አገሩ እስኪያውቀው ድረስ ስንት ዓመት ይጠብቃል!

የሚዘመርበት ጉድጓድ

በማግስቱ ሐዋሳን፣ ዲላን፣ ቡሌ ሆራን አልፈን ወደ ያቤሎ ስንቀርብ አገሩ ተለወጠ። መሬቱ ቀይ፣ ኩይሳው ከሰው ቁመት በላይ፣ ዛፉ እሾህ ብቻ። ሴቶቹ ባለብዙ ቀለም ሻሽ አስረው የወተት ዕቃ በጀርባቸው ያዝላሉ። ወተቱ በጭስ የታጠነ ስለሆነ ሽታው ከሩቅ ይጣራል።

ዱብሉቅ ላይ ሾፌሩ ለግማሽ ሰዓት ቆመልን። ቦረና “ቱላ” የሚላቸው ዘጠኝ ታላላቅ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አሉት። ዱብሉቅ አንዱ ነው። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ በመሰላል ተደርድረው ውሃውን እጅ በእጅ እየተቀባበሉ ያወጣሉ። ሲያወጡ ይዘምራሉ። ዜማው ከቆመ ቅብብሉም ይዘበራረቃል። እያንዳንዱ ጉድጓድ የጎሳ ነው። ከብቱ የሚጠጣበትን ተራ የሚያስጠብቅ “አባ ሄሬጋ” የሚባል ኃላፊ አለው። በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. መካከል ዝናብ ተከታትሎ ሲቀር ቦረና ከብቱን በገፍ ያጣበትን ዘመን የሚያስታውስ ሁሉ፣ ይህ ተራ የሞትና የሕይወት ነገር መሆኑን ያውቃል።

አንድ ሽማግሌ ልጁን አዩና “ነጋ?” አሉት። “ነጋ” አለ። ነጋ ሰላም ነው፤ ቦረና ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ስለ ሰላም ነው። ቀጥለው የየት ሰው መሆኑን ጠየቁት። በአዳማ ኦሮምኛው ሲመልስ ሳቁ። “ቋንቋህ ዘመድ ነው፤ አንደበትህ ግን እንግዳ ነው” ብለው ውሃ አስቀዱለት።

መስመሩ የተሰመረበት ቀን

ወደ ሞያሌ ከመግባታችን በፊት፣ ውድ አንባቢ፣ ስለ መስመሩ ትንሽ ልንገርህ። በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ድንበር ስምምነት የተፈረመው በኅዳር ወር 1900 ዓ.ም. ነው። ቦረናን ማንም አልጠየቀውም። የጉድጓዶቹ ብዛት በኢትዮጵያ በኩል ሲቀር፣ የክረምት ግጦሹ ደግሞ ወዲያ ማዶ ሆነ። ከብት ሁለቱንም ይፈልጋል።

የሚገርመው ግን ስምምነቱ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። በወዲህና በወዲያ ያሉ ጎሳዎች እንደ ቀድሟቸው አንዱ በሌላው ግጦሽ እንዲጠቀሙ፣ ከጉድጓዶቹም በነፃ እንዲያጠጡ ይፈቅድ ነበር። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። በተግባር ግን እንግሊዞች ሰሜኑን ያለ ፈቃድ የማይገባበት የተዘጋ ክልል አደረጉት። በ1920ዎቹ የተወሰኑትን ቦረናዎች ወደ ኢሲዮሎ አካባቢ አሰፈሯቸው። ዛሬ ዋሶ ቦረና የሚባሉት እነሱ ናቸው።

ኬንያ በ1956 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። በዚያው ዓመት በካይሮ የተሰበሰበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባል አገሮች ከነፃነት ጋር የወረሱትን ድንበር እንዲያከብሩ ወሰነ። ኢትዮጵያና ኬንያም በሰኔ 1962 ዓ.ም. የድንበር ውላቸውን ተፈራረሙ። እንዲህ ሆኖ ቦረና የሁለት አገር ዜጋ ሆኖ ቀረ። ብቻውን አይደለም። ገብራም፣ ገሪም፣ ቡርጂም ወዲህም ወዲያም አሉ። አፋር በሦስት አገር፣ አኙዋክና ኑዌር በኢትዮጵያና በደቡብ ሱዳን ይኖራሉ።

በወረቀት ተከፈለ እንጂ ሥርዓቱ ግን አልተከፈለም። አባ ገዳው በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ሲያስረክብ (በ2009 ተረካክበው ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና) ከኬንያ በኩል የሚመጣው ሰው ብዛት ለጉድ ነው። የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሕግ ሲያወጣ ለወዲህ ቦረና ብቻ አያወጣም። ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት በማይዳሰስ ቅርስነት በ2009 ዓ.ም. ሲመዘግበው ቦረና “አሁን ነው የሰማችሁት?” ሳይል አይቀርም።

ሁለቱ ሞያሌዎች

ሞያሌ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ከተሞች ናት። ከአዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘህ ስትደርስ ዋናው መንገድ ቁልቁል ይወርድና ኬንያ ይገባል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች የመረቁት የጋራ ድንበር ጣቢያ በመሠራቱ ተጓዥ የወጪና የገቢ ጣጣውን በአንድ ቦታ ይጨርሳል። ለፓስፖርት ባለቤት ቪዛ የለም። እስከ ድንበሩ በቀኝ የነዳ ሾፌር ማዶ ሲሻገር በግራ ይነዳል። ብሩ ሽልንግ ይሆናል። “ሱቅ” ያልከው “ዱካ” ይባላል።

ሰዓቱ ግን አልተለወጠም! እኛ ጠዋት “ሦስት ሰዓት” የምንለውን ስዋሂሊ ተናጋሪውም “ሳ ታቱ” ይለዋል፤ ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ባለታሪካችን ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ።

ከተማዋ መከራም አይታለች። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ወታደሮች በወዲህኛው ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎችን ሲገድሉ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሌሊት ማዶ ተሻገረ። ሻይ ያፈላችልን ሴት ያን ጊዜ ሦስት ልጆች ይዛ ሸሽታ ነበር። “የተቀበለችኝ የእናቴ እህት ልጅ ናት። ስደተኛ ነሽ ያለኝ የለም፤ መዝጋቢው ብቻ ስደተኛ ብሎ ጻፈኝ” አለችን።

ሳቦና ጎናን ስንጠይቃትም “አሁን ከተሜው እያላላው ነው” አለች። ቀጥላ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ “የኔን ልጅ ግን አላላላትም” አለች።

ፍለጋው ሳምንት ይፈጃል ብለን ነበር። ግማሽ ቀን አልፈጀም! አንድ ሽማግሌ ፎቶውን ተቀብለው አገላብጠው አዩ። የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ጠየቁ። ልጁ አያቱን ብቻ ያውቃል፤ ከዚያ በላይ የለም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው የሰው ስም መቁጠር ጀመሩ፤ የማን አባት በማን ገዳ፣ ከማን ጉድጓድ ያጠጣ... ሁለት ስልክ ደወሉ። “አጎትህ ማዶ አለ። ዛሬ ማታ በግ ይታረዳል” አሉት።

“እህትህ ናት!”

የአጎቱ ቤት በኬንያው ሞያሌ ዳር ነው። ሰባ ዓመት የሞላቸው ቀጭን ሽማግሌ በበር ቆመው ይጠብቁን ነበር። ልጁ ከመኪና ሲወርድ አረማመዱን አዩና ምርኩዛቸውን ጣሉት። ምንም አላሉም። ጆሮውን ዳበሱት። ኋላ ሲያስረዱን “የወንድሜ ጆሮ ነው” አሉ።

ያን ምሽት በቅቤ የተጠበሰ የቡና ፍሬ፣ ቡና ቀላ፣ ቀረበ። የአጎት ልጆች፣ አክስቶች፣ የአክስት ልጆች መጡ። አንዱ ናይሮቢ ይሠራል፣ አንዱ ማርሳቢት ያስተምራል። አንዱ የኬንያ መታወቂያ ለማውጣት ያየውን መከራ እየነገረን አሳቀን። በድንበር አካባቢ ያለ ሰው “በእርግጥ ኬንያዊ ነህ?” ተብሎ በተለየ ኮሚቴ እየተጣራ ኖሯል፤ ይህ የቀረው በጥር 2017 ዓ.ም. የኬንያው ፕሬዚዳንት ባወጡት ትእዛዝ ነው። “ወዲያ ስሄድ ኬንያዊ ነህ ይሉኛል፣ ወዲህ ስመጣ ኢትዮጵያዊ አይደለህም ወይ ይሉኛል። ከብቶቼ ብቻ ናቸው የማይጠይቁኝ” አለ።

አጎትየው እጁን ይዘው ተናገሩ። እኔ በአስተርጓሚ ሰማሁ። “አባትህ በድርቁ ዘመን ከብት ይዞ ሄደ፣ አልተመለሰም። ሞተ ብለን አለቀስን። ዛሬ ግን እነሆ! አንተ የእኛ ነህ። ጎሳህ ካረዩ ነው።”

ልጁ ቀና አለ። “የመተሐራው ካረዩ?”

“የምን መተሐራ! የቦረና ካረዩ ነህ እንጂ።”

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ላስረዳህ። ካረዩ የሚባለው ስም ሁለት ቦታ አለ። አንደኛው በፈንታሌና በመተሐራ ዙሪያ የሚኖረው፣ መሬቱን ለስኳር እርሻና ለአዋሽ ፓርክ ያጣው አርብቶ አደር ነው። ሁለተኛው በቦረና ውስጥ ያለ ጎሳ ነው። አባትየው አልዋሸም ነበር፤ አዳማ ግን የሰማችው የምታውቀውን ካረዩ ነው።

ልጁ ቃሉ እየተቆራረጠ “ዲጋሉስ?” አለ። የልጅቷ ጎሳ ዲጋሉ ነው።

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። “ዲጋሉ! ካረዩም ዲጋሉም ሳቦ ነን። የዲጋሉ ሰው ታውቃለህ?”

“አንዲት ልጅ አውቃለሁ።”

“እህትህ ናት!” አሉና አቀፉት። ቤቱ ሁሉ እልል አለ።

ማንም የሚያውቅ አልነበረም። ልጁ በአጎቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ሲያለቅስ ሁሉም በደስታ መሰላቸው። አክስቶቹም አብረውት አለቀሱ። እኔ ብቻ አቀርቅሬ የቡናውን ፍሬ ቆጠርኩ። “ሂድና እወቅ” ያልኩት እኔ ነኛ!

ሩቅ ሰው ሆኖ ቢቀር ያገባት ነበር። ዘመድ ሆኖ አጣት።

እንግዲህ ምክሩ

ስንመለስ እስከ ቡሌ ሆራ አልተነፈሰም። ዲላ ላይ ስልክ ደወለላት። ብዙ አልተነጋገሩም። ዘግቶ “ወንድሜ አለችኝ” አለኝ። ቀጥሎ “ጋሼ፣ ቢሮ ሄደን ብንፈርምስ? የመንግሥት ሕግ ይከለክለናል?” ብሎ ጠየቀኝ።

እውነቱን ነገርኩት። የመንግሥት የቤተሰብ ሕግ የቅርብ የሥጋ ዝምድናን ይከለክላል እንጂ ሳቦና ጎናን አያውቅም። እሷ የኬንያ ዜጋ ብትሆንም ጋብቻ አይከለከልም። ልጅ ቢወልዱም በአባቱ ኢትዮጵያዊነት ኢትዮጵያዊ ነው። በወረቀት በኩል መንገዱ ክፍት ነው። ነገር ግን ያን በር ከገቡ፣ ሌላኛው በር፣ አጎትየው ጆሮውን የዳበሱበት በር፣ ይዘጋል። የእሷም እንደዚሁ። “ይህን እኔ አልመርጥልህም። አንድ ጊዜ መርጬልህ ይኸው ሆነ” አልኩት። እሱም “አይ ጋሼ፣ እሷ መርጣለች። ወንድሜ ያለችኝ እኮ ለዚህ ነው” አለ።

ስለ አንድ ነገር ግን ተከራከርን። “ባላወቅኩ ይሻለኝ ነበር” አለ። እኔ አይሻልም ባይ ነበርኩ። አሁንም ያንኑ እላለሁ፤ ግን እንደ ድሮው በአንድ ትንፋሽ አልለውም። ቢጋቡ ኖሮ ፎቶው ከሳጥን የሚወጣበት ቀን አይቀርም ነበር። ያን ጊዜ ሦስት ልጆች ይኖሯቸው ይሆናል። የእናቷም የአባቷም ቤት “ወንድሟን አገባች” ይል ነበር። ይህ ይጽናናል? አያጽናናም። ግን እውነት ነው።

በእንዲህ ያለ ነገር ለተያዛችሁ አንባቢያን ከዚህ ጉዞ የተረፈኝን ላካፍል። አንደኛ፣ ወላጅ በሕይወት ሳለ ጠይቁ። አገር፣ ጎሳ፣ የአያት ስም፣ የቅድመ አያት ስም... ጻፉት። “ካረዩ” ካሉ “የት ያለው ካረዩ?” በሉ። ሁለተኛ፣ ከማፍቀራችሁ በፊት ነው አልልም፤ ፍቅር ፈቃድ አይጠይቅም። ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት ግን የሁለታችሁንም ቤት ሥርዓት እወቁ። ሦስተኛ፣ ዘመዳችሁ ድንበር ማዶ ከሆነ ወረቀታችሁን አስተካክሉ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ ኬንያ ከ2010ሩ (በፈረንጆች) ሕገ መንግሥቷ ወዲህ ትፈቅዳለች። ስለዚህ አንዱን ፓስፖርት ስታነሱ ሌላኛውን እንደምታጡ አስባችሁ አንሱ። ወዲያ ማዶ ዜግነት ይዞ የቀረ የኢትዮጵያ ተወላጅ ደግሞ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ መጠየቅ ይችላል።

አራተኛው ምክር የጎረቤቱ የእኒያ እናት ነው፤ ከተገኙላችሁ እቀፏቸው።

አዳማ የገባነው ከመሸ ነው። በባጃጅ እስከ ቤታቸው ሸኘሁት። እናቱ የውጭውን መብራት አብርታ በር ላይ ቆማለች።

“እሺ፣ አገኘህ?” አለችው ገና ሳይወርድ።

“አገኘሁ እማዬ።”

“ዘመድ አለህ?”

“ብዙ ነው እማዬ። አጎት አለኝ። አክስቶች አሉኝ። ቤት ሙሉ ነው።”

ሴትዮዋ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቶች ወጡ። “ልጄ ዘመድ አገኘ! ያባቱን አገር አገኘ!” እያለች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ወደ መኪናው አሻግራ አየችና “ሙሽራዋስ? አልነገርካትም? ደውልላት እንጂ፣ ደስ ይበላት!” አለች።

“ነግሬያታለሁ” አላት። “ነገ እነግርሻለሁ፤ አሁን ርቦኛል።”

ሳምንት ሰው ይበለን። ቸር ይግጠመን!